ያልታተመው ደቂቃ

ሽማግሌው የሞቱት ቁጭ ብለው ነው። ጀርባቸውን ለርግቦቹ መደርደሪያ ሰጥተው፣ ጉልበታቸውን ሰብስበው፣ ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው ሲታዩ፣ አንድ ሰው «መጣሁ፣ ጠብቁኝ» ብሏቸው የሄደ ይመስል ነበር። ከላያቸው ሠላሳ የሚሆኑ ርግቦች ያለማቋረጥ ያንጎራጉራሉ። ክፍሉ ሁለት ሰው አያዞርም፤ አየሩ በላባና በብናኝ ወፍሯል።

«አስም ነው፤» አለ ሐኪሙ እጁን በመሀረብ እየጠረገ። «ሃያ ዓመት አብሯቸው የኖረ አስም። ይህ ብናኝ ሳንባዎን ይጨርሰዋል ብዬ ምላሴ እስኪደርቅ ነግሬያቸዋለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። የተፈጥሮ ሞት ብዬ ልፈርም ነው።»

«ቆይ፣ አትቸኩል፤» አለች ኢንስፔክተሯ።

ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ደረጃውን ሁሉ ወጥታ እዚህ ሰገነት ላይ ስትደርስ እግሯ ስለከዳት፣ ማንንም ሳታስፈቅድ የርግቦቹን የእህል ባልዲ ገልብጣ በሩ ሥር ተቀመጠች። ቁጭ ያለ ሰው ደግሞ የቆመ የማያየውን ያያል። የበሩ ውስጠኛ ፊት አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው፤ ዝቅ ብሎ፣ ተንበርክኮ ያለ ሰው እጁ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ ቀለሙ ተፍቆ እንጨቱ ነጭ ሆኖ ወጥቷል። ፍቅፋቂው ወለሉ ላይ ተበትኗል። የሽማግሌውን ግራ እጅ አነሳች። ጥፍሮቻቸው ሥር አረንጓዴ ገብቷል።

«ማነው ያገኛቸው?»

«ልጃቸው። ከሥራ ስትመለስ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር ብላለች።»

«ገርበብ ያለን በር ማን ይቧጭራል?»

ሐኪሙ ብዕሩን መልሶ ኪሱ ከተተ። የበሩ መቀርቀሪያ በውጭ በኩል ብቻ ነው፤ ድመት እንዳይገባ የተበጀ የብረት መቀርቀሪያ ነው። ከዚያው አጠገብ፣ ሚስማር ላይ፣ የሟቹ ኮት ተሰቅሏል። ኪሱ ውስጥ በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት አለ። ከሳቸው እስከ መድኃኒቱ አንድ ክንድ ቢሆን ነው፤ በመሀል ግን በሩ አለ።

ቀኝ እጃቸውን ጣት በጣት ፈለቀቀችው። መዳፋቸው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ የጎማ ቀለበት ተገኘ።

ሟቹን ከተማው ሁሉ «ጋሽ ሰዓቱ» ነው የሚላቸው። ሠላሳ ዓመት የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ጣቢያውን አስረከቡ እንጂ ሰዓታቸውን አላስረከቡም። ከዚያ ወዲህ ሐሳባቸው የርግብ ውድድር ሆነ። የከተማው የርግብ አርቢዎች ማኅበር አባላት ርግቦቻቸውን ሩቅ አገር ልከው ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ጊዜ ያስለቅቃሉ። ርግቧ ቤቷ ስትደርስ ባለቤቷ ከእግሯ ላይ ቀለበቱን ፈትቶ ደቂቃውን በወረቀት ላይ ወደሚያትም ሳጥን ይከትታል። ቀድሞ ያሳተመ ያሸንፋል። የጋሽ ሰዓቱ ሳጥን ከበሩ ውጭ፣ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

ኢንስፔክተሯ ከፍታ አየችው። ወረቀቱ ባዶ ነበር።

ልጃቸው ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስልክ ቤት ነው የምትሠራው። የመስኮቷ ፍርግርግ ጥላ ቀሚሷ ላይ ተጋድሟል።

«ስንት ሰዓት ደረስሽ?»

«ስድስት ተኩል ወጣሁ። ከቢሮ እስከ ቤት አሥራ አራት ደቂቃ ነው። በአሥራ አምስተኛው አባቴ ሰዓታቸውን ይዘው ደጅ ላይ ይቆማሉ።»

«ዝናብ ቢሆንስ?»

«ለዝናብ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩልኛል።»

ኢንስፔክተሯ ቀልድ መስሏት ቀና አለች። ልጅቷ አልሳቀችም።

«ዛሬ ደጅ ላይ አልነበሩም። እውነቱን ልንገርዎት? መጀመሪያ ደስ አለኝ። ደረጃው መሀል ስደርስ ነው የፈራሁት።»

«የግቢው በር?»

«ተቆልፎ ነበር። ሁሌም ቁልፍ ነው። ቁልፉ ያለው እሳቸው፣ እኔና ተከራይዋ ጋ ብቻ ነው።»

ይህን ስትል ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዞ ገባ። አርባ ዓመት የሞላው፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ነጭ የሥራ ካፖርቱን ያላወለቀ ሰው ነው። እሱም ርግብ አርቢ ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ከጋሽ ሰዓቱ ቀጥሎ ሁለተኛ ሲወጣ ኖሯል። ውኃውን በሁለት እጁ ሰጣትና በርከክ አለ።

«አይዞሽ። ጋሼ እኮ ደስ ብሏቸው ነው የሞቱት። ነጯ ርግባቸው ከሁሉም ቀድማ ገባችላቸው። አንዴም ሳትዞር፣ ቀጥ ብላ በርግቦቹ ቤት መስኮት ጥልቅ! እሱን እያሰብሽ ተጽናኚ።»

ልጅቷ እንባዋን ጠረገች። ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋ ላይ እንዳቀረቀረች አንዲት መስመር ጻፈች።

ተከራይዋ አኮርዲዮን የምታስተምር አሮጊት ናት፤ ክፍሏ ከርግቦቹ ቤት ሥር ነው። በሯን ስትከፍት ፊቷ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው፤» አለች።

«ይቀመጡና ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

«ከአራት ሰዓት ጀምሮ ፖስታ ቤት የምትሠራዋን ሴትዮ እያስተማርኩ ነበር። ትንሽ እንደቆየን ከላይ ድብደባ ተጀመረ። ሳጥን የሚመቱ መሰለኝ። ሁሌ ትምህርቴን ጠብቀው ነው የሚመቱት! መጥረጊያዬን አንስቼ በእጀታው ኮርኒሱን ነረትኩት።»

«ከዚያስ?»

«መልሰው መቱ። እኔም መለስኩ። አሥር ዓመት እንዲህ ነው የተጣላነው። ከዚያ ምታቸው እየሳሳ መጣ። ‹አሸነፍኳቸው› አልኳት ተማሪዬን። አሸነፍኳቸው አልኩ እኮ!»

ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀመጠች። ስትነሣ ነው የጠየቀችው፤ «ፀጉር አስተካካዩና ሽማግሌው እንዴት ነበሩ?»

«ሰላም ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ልጅቷን ለትዳር ጠይቆ ነበር። ‹እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ቤት አትወጣም› አሉት። እሱም ሰላምታውን አላቋረጠም፤ ጨዋ ነው።»

ከደጅ የማኅበሩ ሰብሳቢ ጠበቃት። ባለ ወፍጮ ነው፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት፣ ቀኝ ጆሮው ላይ ፕላስተር አለ። የሁሉንም ሳጥን ሰብስቧል።

«ሟቹ ምንም አላሳተሙም፤» አለ። «አንደኛ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ አራት ከስምንት ደቂቃ። በሰባት ዓመቱ ቀናው።»

«ጆሮህን ምን ነካህ?»

«እሱው ነው። ውድድሩ እንዳለቀ ፀጉሬን ልቆረጥ ሄድኩ፤ አራት ከሩብ ገደማ። ሃያ ዓመት እጁ ላይ ስቀመጥ አንዲት ጭረት አላውቅም። ዛሬ ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ‹ድሉ አሰከረህ እንዴ?› አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«ምንም። ግድግዳው ውስጥ ድም ድም የሚል ነገር ነበር። ምንድነው ስለው ‹ጋሼ ሥራ ላይ ናቸው› አለ።»

ኢንስፔክተሯ በፀጉር አስተካካዩ ቤት በኩል ወደ እሱ ሰገነት ወጣች። ሁለቱን ሰገነቶች የሚለየው ግንብ ከጉልበት አይበልጥም። ከአንድ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ወደ ጋሽ ሰዓቱ ርግቦች ቤት ተመለከተች። የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው፤ ጣውላ፣ ቆርቆሮ፣ ጣውላ።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም በሟቹ ሰገነት ላይ ተሰበሰቡ። ልጅቷ፣ አሮጊቷ፣ ባለ ወፍጮውና ፀጉር አስተካካዩ ከርግቦቹ ቤት የሽቦ መረብ አጠገብ ቆሙ፤ አንድ ፖሊስ የደረጃውን በር ይዟል። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ከተማዋን ከድኗታል።

«ጋሽ ሰዓቱን አስም ነው የገደላቸው፤» አለች ኢንስፔክተሯ ከባልዲዋ ሳትነሣ። «ግን በሩን ሲቧጭሩ ነው የሞቱት። በሩ በውጭ ተቀርቅሮ ነበር፤ ቆይቶ ደግሞ ተከፍቷል። ድመት መቀርቀሪያ አይወረውርም፣ መልሶም አይከፍትም።»

«መቼ ተቀረቀረ?» አለ ባለ ወፍጮው።

«ቀለበቱ ይናገራል። ቁጥሩ የነጯ ነው፤ ሰውየው ከእግሯ ፈትተውታል፤ አላሳተሙትም። እሳቸው፣ ለአንዲት ደቂቃ ነፍሳቸውን የሚሰጡት ሰው፣ ከሳጥኑ ሦስት እርምጃ ርቀው ቀለበቱን እጃቸው ላይ ይዘው ቁጭ ይላሉ? ነጯ ገባች፣ ቀለበቱን ፈቱ፣ ዞር ሲሉ በሩ እንቢ አላቸው። እትዬ ድብደባውን የሰሙትም ያን ጊዜ ነው፤ ከአራት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል።»

አሮጊቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እርስዎ ተማሪዎ ፊትዎ ነበረች። ልጃቸውን ስድስት ሰው ስልክ ቤት አይቷታል። የግቢው በር ቁልፍ ነው። የቀረው መንገድ ይህ ግንብ ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ግንቡ ዞሩ። ፀጉር አስተካካዩ ግን የካፖርቱን ቁልፍ ያይ ነበር።

«እኔ እዚያው ሰገነቴ ላይ ነበርኩ፤ አልካድኩም፤» አለ። «የኔኑ ርግብ ስጠብቅ።»

«ነጯስ እንዴት ገባች?»

«ነገርኳችሁ እኮ፤ ቀጥ ብላ በመስኮቷ።»

«ስትወርድ ከሰገነትህ ልታያት ትችላለህ። የምትገባበት መስኮት ግን ወደ ወንዙ ነው የሚያየው። ካንተ ቦታ ተቀምጬ አይቼዋለሁ፤ ጣውላ ነው ያለው። ስትገባ ያየ ሰው ይህ በር አጠገብ የቆመ ሰው ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞም ነጯ መቅደሟን ከሽማግሌው ሌላ ማን ያውቃል? ወረቀቱ ላይ አንደኛው አንተ ነህ። እሷን ላጽናና ብለህ ያልታተመ ድል ተናገርክ።»

ፀጉር አስተካካዩ ከካፖርቱ ቁልፍ ላይ ዓይኑን አነሳ።

«ለአንድ ደቂቃ ነበር፤» አለ። «ምሎ የሚገዘት ሰው አልወድም፤ ግን ለአንድ ደቂቃ ነበር። ሰባት ዓመት ሁለተኛ! ነጯ ስትወርድ አይቼ ግንቡን ተሻገርኩ። ስትገባ መቀርቀሪያውን ወረወርኩት። የኔዋ ወዲያው ደረሰች፣ አሳተምኩ። ተመልሼ ልከፍት ስል ይሄ ባለ ወፍጮ ከታች ተጣራ።»

«ማንኳኳታቸው ይሰማህ ነበር?»

«ግድግዳው የጋራ ነው።»

«መድኃኒታቸው ውጭ እንደተሰቀለስ?»

«ኮቱን አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ያዘህ?»

«መጀመሪያ ትንሽ ይናደዱ ብዬ ነው። ከዚያ ምታቸው ሲደክም ገባኝ። መቀሱን እንደያዝኩ ቆምኩ። በመሀላችን ያለው እኮ ደረጃ ብቻ ነው፤ ሌላ ምን አለ? እግሬ ግን ተተከለ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ከወጣሁ ያንቺ ዕድሜ በዚያች በአሥራ አራት ደቂቃ ያልቃል፤ ካልወጣሁ ግን… አንድ ምት ስሰማ ልሄድ እላለሁ፤ ሌላው ሲመጣ ደግሞ የመጨረሻው ይሁን እላለሁ። ዝም ሲሉ ሥራዬን ጨርሼ ወጣሁና ከፈትኩ። ለኔ ነው አልልም። ላንቺም ነው።»

ልጅቷ ቀስ ብላ ተጠጋችው። የምትመታው መስሎት ፖሊሱ ተነቃነቀ።

«ለኔ?» አለች። «የዝውውር ደብዳቤዬን ማክሰኞ ፈርሜያለሁ። ሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ ልሄድ ትኬት ቆርጫለሁ። አባቴን ልነግራቸው የነበረው ዛሬ ከምሳ በኋላ ነው፤ ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም። ያውም የሚሉትን ሁሉ ቁጭ ብዬ ልሰማቸው ነበር። ማን ክፈትልኝ አለህ?»

ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ቀደም ብሎ ወደ ደረጃው ሄደ። ባለ ወፍጮው አሮጊቷን ደግፎ ተከተለ።

ሁለቱ ሴቶች ሰገነቱ ላይ ቀሩ። ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን እያሻሸች ትንሽ ዘገየች፤ ይህን የሥራዋን ክፍል ከደረጃም በላይ ትጠላዋለች።

«ሰኞ መሄድ አትችይም፤» አለች። «አባትሽን ያገኘሻቸው አንቺ ነሽ፤ ስለ ነጯ የተናገረውም ላንቺ ነው። ዋናዋ ምስክር ስለሆንሽ ፍርዱ እስኪያልቅ ከከተማው አትወጪም።»

ልጅቷ ከታች ወዳለው ብቸኛ መንገድ ተመለከተች። አውቶቡሱ አቧራውን እያስነሣ በድልድዩ ላይ ያልፍ ነበር።

«ብዙ ይቆያል?»

በዚህች ከተማ እንዲህ ያለ ክስ ከሁለት ዓመት በታች አልቆ አያውቅም። ኢንስፔክተሯ በሥራዋ ዘመን ሁሉ ለምስክር ዋሽታ አታውቅም ነበር።

«አይ፤» አለቻት። «ብዙም አይቆይ።»