አሥራ ሁለት እና እሷ

የረግረጉ ጥብቅ ስፍራ ወፍ ቆጣሪ የነበረው ሽማግሌ ከመመልከቻው ማማ ሥር፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የጀልባ መግፊያ ዘንግ አጠገቡ ወድቋል። ዘንጉ የጀልባ ነጂው ነው፤ ጀልባ ነጂው ደግሞ የሟቹ የልጅ ባል። ፖሊሶቹ ካቴና ለማውጣት ከዚህ በላይ አልፈለጉም።

መርማሪዋ ስትደርስ ጀልባ ነጂውን ጭነውት መኪናው ሞተሩ ተነሥቷል።

«አጥፋው» አለችው ሾፌሩን። «ግማሽ ሰዓት ስጡኝ።»

ወደ ማማው ስትሄድ አንድ ጫማዋን ረግረጉ ዋጠው። ተሳደበችና ጎትታ አወጣችው። ዙሪያው እስከ ዓይን ጥግ ሣር፣ ደንገልና ውሃ ነው። ከማዶ አጋዘኖች ቀና ብለው አዩዋትና ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ። ሰው ሞተ አልሞተ፣ እነሱ ምን ቸገራቸው።

ማማው ላይ ደብተር አለ፤ በክር የታሰረ እርሳስ መሃሉ ገብቷል። ገለጠችው። የትናንት ገጽ። «9 ሰዓት፣ ዳክዬ 210፣ ሽመላ 13።»

የጥብቅ ስፍራው ኃላፊ ከኋላዋ ቆሟል።

«እንግዲህ ከሰዓት በዘጠኝ በሕይወት ነበር ማለት ነው» አላት። «እኔ ጠዋት ከዚህ ወጥቼ ከአራት ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ከተማ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሃያ ሰው ይመሰክራል። ከሰዓት እዚህ የነበረው ጀልባ ነጂው ብቻ ነው።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ውሃ ውስጥ ስላደረ ሰዓቱን መናገር አልቻለም።»

«ደብተሩን እርስዎ ያዩታል?»

«እኔ? ይሄን ጭቃ የበላው ነገር ነክቼው አላውቅም። ትኬት ቆራጯ ልጁ በኮምፒውተር ገልብጣ የምትልክልኝን ሪፖርት ነው የማነበው።»

መርማሪዋ ወርዳ ወደ መኪናው ሄደች።

«ከሽማግሌው ጋር ትጣሉ ነበር አሉ» አለችው ጀልባ ነጂውን።

«በየቀኑ! ሳንጣላ ከዋልን አንዳችን ታመናል ማለት ነው።»

«ትናንትስ?»

«ከንጋት እስከ ስምንት ሰዓት ጎብኚ ይዤ ማዶ ነበርኩ። ከዚያ ብቻዬን ደንገል ሳጭድ ዋልኩ። ማን አየህ ካልሽኝ፣ ጉማሬ። ዘንጉ ትርፍ ነው፤ ሁሌም ማማው ሥር ነው የማቆመው።» በካቴና የታሰሩ እጆቹን ወደ ማማው ዘረጋ። «እህቴ፣ እባክሽ፣ አማቴን የሚያበላልኝ ሰው ፈልጊልኝ።»

«አማትህ ሞተዋል ብለውኝ የለ እንዴ?»

«አንካሳዋን ሽመላ ማለቴ ነው። ሽማግሌው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚያጫውተው እሷን ነበር። ከእጁ ነው የምትበላው። አማቴ ስላት ይስቅ ነበር።» ፊቱን አዞረ።

መርማሪዋ ወደ ትኬት ቤቱ ሮጠች ማለት ይቻላል። የሟቹ ልጅ መስኮቱ ላይ ተደፍታለች።

«አባቴን አጣሁ» አለች ቀና ሳትል። «ባሌን እንኳ ተዉልኝ።»

«ለዚያው ነው የመጣሁት። አባትሽ አንካሳዋን እንዴት ነበር የሚቆጥራት?»

«ለብቻዋ። ከመንጋው ጋር ሲቀላቅላት አንድ ቀን አላየሁም።» ልጅቷ አፍንጫዋን ጠረገች። «ዛሬ ዋናው መሥሪያ ቤት ሊሄድ ነበር እኮ። ኃላፊው በድብቅ ያስቆፈረው ቦይ ረግረጉን እያደረቀው ነው፣ አቤት እላለሁ ሲል ነበር።»

«ኃላፊው ያውቃል?»

«አባቴ ፊት ለፊት ነው የነገረው። ሐሜት አይችልም።»

ግማሽ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል መርማሪዋ ሁሉንም ማማው ላይ ሰበሰበች፤ ጀልባ ነጂውን ከነካቴናው።

«ባጭሩ» አለች። «ይሄ ገጽ እውነት ከሆነ ሽማግሌው የሞተው ከሰዓት ነው፤ ጥፋተኛውም ይሄ ልጅ። ውሸት ከሆነ ግን የሞተው ጠዋት ነው። ጠዋት ደግሞ ልጁ ጀልባ ሙሉ ሰው ይዞ ማዶ ነበር። ሚስቱ ቀኑን ሙሉ በረኛው ፊት ትኬት ስትቆርጥ ውላለች። ወደ ስብሰባው እስኪሄዱ ድረስ እዚህ የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

«ደብተሩ ላይ ተጽፏል!» አለ ኃላፊው።

«ተጽፏል። ሽመላ አሥራ ሦስት።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «አባትሽ አሥራ ሦስት ብሎ ጽፎ ያውቃል?»

ልጅቷ ገጹን አየች። «በጭራሽ! አሥራ ሦስት የምለው እኔ ነኝ። ለቢሮ ስገለብጥ አንካሳዋን እደምራታለሁ።»

«አየህ» አለች መርማሪዋ፤ አንቱታው ቀረ። «እነዚህ ሁለቱ ለብቻዋ እንደሚጽፋት ያውቃሉ። አሥራ ሦስትን ከሪፖርት ብቻ የሚያውቅ ግን አንድ ሰው ነው፤ ደብተሩን ነክቼው አላውቅም ያልከኝ አንተ። ሽማግሌውን ገድለህ «9 ሰዓት፣ 13» ብለህ የጻፍከው ጠዋት ነው፤ ስብሰባህ ሳይጀመር።»

አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች። በተንጋደደ እጅ፦ «ሽመላ 12 እና እሷ።» ሌላ ገጽ። «12 እና እሷ።» ሌላ።

«አንዲት ገጽ ብትገልጥ ኖሮ አምልጠህ ነበር። ችኮላህ ጣለህ።»

ኃላፊው ወደ ደረጃው አንድ እርምጃ ሲል አንዱ ፖሊስ ቀደመው። ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተዛወረ።

መኪናው ሄደ። መርማሪዋ ጭቃ የጠገበ ጫማዋን እያራገፈች ቀና ብትል፣ ባልና ሚስቱ ማማው ላይ አጥሩን ተደግፈው ታች ያያሉ። አንዲት ሽመላ በአንድ እግሯ እያነከሰች ማማው ሥር መጥታ ቆማለች፤ ሰው እየጠበቀች።

ልጅቷ እርሳሱን አነሣች። መንጋውን ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። «12» ብላ ጻፈች። እንባዋን በክርኗ ጠረገችና ጨመረችበት።

«እና እሷ።»