ሸሚዙን የያዘው ክር

ሟቿ ከደረጃው ሥር በጀርባዋ ተጋድማለች። ግራጫ ኮቷ እስከ አንገቷ ተቆልፏል፤ ፀጉሯ አልተበተነም፤ ጫማዋም ከእግሯ አልወለቀም። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ስታያት ቆየችና፣

«ከደረጃ የተንከባለለች ሴት እንዲህ ተስተካክላ አትወድቅም» አለች።

«ተገፍትራ ነዋ!» አለ ባልየው የራሱን ኮት ትከሻ እያራገፈ። በዚያው ሳምንት ሊሾም ነው፤ ሲናገርም ከወዲሁ ትእዛዝ የሚሰጥ ይመስላል። «ጨርቅ ቆራጩ ነው የገፈተራት። ትናንት ሲጮህባት ሁሉም ሰምቷል። ምን ትጠብቂያለሽ? እሰሪው!»

ቤቱ ልብስ ስፌት ቤት ነው። ሥራው ምድር ቤት ነው፤ ፎቁ ላይ የልብስ መለኪያ ክፍልና የስፌት ቤቱ ባለቤት መኖሪያ አለ። የስፌት ቤቱ ባለቤት የሟቿ እናት ናቸው፤ ሠራተኞቹ እትዬ ይሏቸዋል። እትዬ አላለቀሱም። ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው የልጃቸውን ኮት ብቻ ያያሉ።

ቆራጩ ሜትር ከአንገቱ ስለማይለየው «ሜትሩ» ይባላል። ጠዋት በሩን ከፍቶ ሲገባ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«ለምን ጮህክባት?» አለችው መርማሪዋ።

«እውነቱን ልናገር እህቴ? ሥራ ስጠኝ አለችኝ። የሹም ሚስት! ጥግ ላይ ተቀምጬ ጠርዝ ልስፋ፣ እዚሁ ልደር አለችኝ። እኔም ‹ባልሽ ቆዳዬን ገፎ ኮት ያሰፋበታል፣ ሂጂ ወደ ቤትሽ› ብዬ ጮህኩ። ፈርቼ ነው እንጂ ጠልቻት አይደለም።» እንባው መጣ። «ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያበላልኛል?»

«የኮት ቁልፍ መትከል ትችላለህ?»

«እኔ? መቀስ ስጪኝ እንጂ መርፌ አታሳዪኝ! ደግሞ እዚህ ቤት እትዬ በእጃቸው ቁልፉን ካልተከሉ ልብስ ከደጅ አይወጣም። ሙሽራ እያለቀሰች ብትጠብቅ እንኳ።»

መርማሪዋ ወደ ፎቅ ወጣች። የመለኪያ ክፍሉ በር አረንጓዴ ነው፤ ቀለሙ በአንድ በኩል ተልጧል። ከኋላው የተንጠለጠለውን መጋረጃ ስትገልጥ የውስጡ መቀርቀሪያ ከነምስማሩ ተነቅሎ አገኘችው። ከቁርጥራጭ ጨርቁ ቅርጫት ሥር ደግሞ ባዶ የእንቅልፍ መድኃኒት ጠርሙስ ነበር።

የሟቿ ታናሽ እህት እዚያው ለመስታወቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

«እህትሽ እዚህ ምን ልትሠራ መጣች?»

«ባሏን ትታ ነው የመጣችው። እማዬ ‹ተመላሽ ልጅ የለኝም፣ ሹመቱ እስኪያልፍ ቻይው› አለቻት።»

«አንቺስ?»

«ዝም አልኩ።» የልብስ ማሳያው አሻንጉሊት ላይ የተንጠለጠለውን ሐር ቀሚስ ጠቆመች። «ለሹመቱ ግብዣ የተሰፋላት ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እኔ ከጎኑ እንድቆም፣ በልኬ እንዲጠብ ተወሰነ። እሷ ገና ከወለል ሳትነሳ።»

መርማሪዋ ሁሉንም በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ኮቷን ልከፍት ስል አንዱ ቁልፍ እንቢ አለኝ» አለች። «ክሩ ኮቱን አልፎ ሸሚዟን ይዟል። ኮቱ ወልቆ ቢሆን ሸሚዙ አይያዝም፤ ስለዚህ የተተከለው ለብሳው ሳለች ነው። በሕይወት ያለ ሰው ከሸሚዙ ጋር ሲሰፋ ‹ኧረ ቀስ!› ይላል። እሷ ዝም ብላለች። ቁልፉ የተተከለው ከሞተች በኋላ ነው።»

«የማይረባ ወሬ!» አለ ባልየው።

«ፎቅ ላይ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። መስኮቱ ፍርግርግ ብረት አለው። ማንም አልገደላትም፤ መድኃኒቱን የወሰደችው ብቻዋን ነው። ጠዋት ሠራተኛ ሳይገባ ሊወስዷት መጥተው በሩን ሰበሩ። ትከሻዎ ላይ ያለው አረንጓዴ ቀለም ሲያራግፉት አልለቅ ብሎዎታል። ራሷን ያጠፋች ሚስት ለሹመት አትመችም፤ ከደረጃ የወደቀች ግን ታሳዝናለች። ይዘዋት ሲወርዱ የኮቷ ቁልፍ ተበጠሰ። እኔ መውደቋን ስጠራጠር ደግሞ ይህን ምስኪን ወረወሩልኝ።»

ሜትሩ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ባልየው ትከሻውን በእጁ ሸፈነ።

«ሸሚዙን ያዝኩት?» አሉ እትዬ በቀስታ።

«ይዘውታል እትዬ።»

«እኔ?» ጣቶቻቸውን የሌላ ሰው ጣት ይመስል አገላብጠው አዩ። «ገበሩን እንኳ በመርፌ ነክቼ አላውቅም። ቁልፏ ጎድሎ ሰው ሊያያት ነው ብዬ… እጄ እንቢ አለኝ።» እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። «ማታ ‹እማዬ፣ ከአንቺ ጋ ልኑር› አለችኝ። ‹እንደ ሰው ባልሽ ጋ ኑሪ› አልኳት። ከዚያ ስትቀረቅር ሰማሁ። አኩርፋ ነው ብዬ ተኛሁ።»

«ይህ ሰው ሲወነጀልስ ለምን ዝም አሉ?»

«ገዳይ ይሻላል ብዬ» አሉ። «የኔ ልጅ ራሷን አጠፋች ከሚባል።»

ታናሿ ወደ ፎቅ ወጥታ ሐር ቀሚሱን ይዛ ወረደችና የባልየው እግር ሥር ጣለችው።

«ልኬ አይደለም» አለች።

እትዬ ወደ ሬሳው ሄደው ተንበረከኩ። የኮቱን ቁልፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

«መቀስ ስጡኝ። ክሩን ልበጥስላት። አስጨንቋታል።»

መቀስ በሞላበት ቤት አንድም ሰው መቀስ አላቀበላቸውም።