መቀሱ ሁለቴ ሲመታ

የፈለገ ይሳቅብኝ... ይህ ነገር በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ እኔና ታላቅ እህቴ በምንሠራበት ልብስ ስፌት ቤት።

የሚጥል በሽታ አለብኝ። ከታመምኩ ወዲህ የሰው ሆድ ማወቅ ተሳነኝ፤ ቀልዱና የምሩ አይለይልኝም። ሐኪሙ ከሕመሙ ጋር ሊያያዝ ይችላል ብሎኛል። አንዷ ደንበኛ «ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አጥብቢልኝ» ብትለኝ፣ ቃሏን አክብሬ አጠበብኩላት። ቀሚሱን ቀደን ነው ያወጣናት።

ያኔ እህቴ ዘዴ ፈጠረች። ሰው ሲቀልድ፣ በመቀሱ እጀታ ጠረጴዛውን ሁለቴ ትመታለች።

ቋ... ቋ።

ቀልድ ነው ማለት ነው። ዝም ካለች የምር ነው። ከሰው ጋር የምኖረው በዚያ ድምፅ ነበር።

የዚያን ቀን ሳቂታዋ መጣች። እንዲህ የምንላት ጥርሷ ተከድኖ ስለማያውቅ ነው። እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ ልብስ ስትተኩስ ነበር፤ እኔ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሬያለሁ።

«ቀሚሴ ደረሰ?»

«ነገ ነው።»

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«ዛሬ ቤት ከገባሁ ባሌ ይገድለኛል... እዚሁ ልቀመጥ?»

ጥርሷ ይታያል። የጠረጴዛውን ጠርዝ የጨበጡት ጣቶቿ ግን ነጥተዋል። «ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ፤ ለእኔ ጣቱም ባዳ ነው። የቱን ልመን?

ጆሮዬን ወደ መጋረጃው ጣልኩ።

ዝም...

ከዚያ፣

ቋ... ቋ።

እፎይ አልኩ። ከት ብዬ ሳቅሁ። «አንቺ ደግሞ... ሂጂ፣ ይጠብቅሻል» አልኳት።

አየችኝ። ትክ ብላ አየችኝ። እንደሳቀች ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ እህቴ ገባች... ከመንገድ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«እትዬ... ከየት?»

«መቀሱን ላስሞርድ በጓሮ ወጥቼ ነዋ። ነግሬሽ ነበር፤ መኪናው ጮኾ አልሰማሽኝም።»

ጋዜጣውን ፈታችው። መቀሱ ነው።

የሆነውን ሁሉ በሹክሹክታ ነገርኳት።

«ሽታው መጥቶብሽ ነበር?» አለችኝ። ሊጥለኝ ሲል የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል።

«አልመጣም።»

በሩ ድረስ ሮጥን። በመንገዱ ላይ አንድም ሰው የለም። ቤቷን አናውቀውም።

ስንመለስ እህቴ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና መጋረጃውን አየችው። ከታመምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም ሳያግዘኝ የሰው ፊት አነበብኩ።

ፈርታለች።

እጄን ያዘችኝ።

«አይዞሽ ሚጡ... ሴትዮዋ ምንም አትሆንም።»

መቀሱ ፊታችን ነው። ማንም አልነካውም።

ከመጋረጃው ጀርባ...

ቋ... ቋ።