ሃያ አራተኛው ደቂቃ

ሟቹ ከዲጄ ጠረጴዛው ሥር ተጣጥፎ ወድቋል። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሟል፤ ብርማው ጃኬቱ ግን አንድ ቁልፍ እንኳ አልተበጠሰም። በሕይወት ሳለ ከሙዚቃው ይልቅ ለመልኩ ይጨነቅ ነበር፤ ሞቶም አላሳፈረውም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን በመሆኗ ብቻ አይደለም። አዳራሹ ስትደርስ ሐኪሙ ገና አልመጣም፤ ጉዳዩ ግን አልቆ ጠበቃት። የመብራት ሠራተኛው በካቴና ታስሮ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት አሥር አለቃው። «ሟቹ ለቅዳሜው ዝግጅት ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልምምድ ላይ ነበር። ሙዚቃው ዘጠኝ ላይ ነው የቆመው፤ እስከዚያ በእጁ እየቀላቀለ ነበር ማለት ነው። ሚስቱና ታናሽ ወንድሙ ከዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ጀምሮ ከአዳራሹ ዘበኛ ጋር በር ላይ ቆመው ያወሩ ነበር። ውስጥ የቀረው ይሄ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሟቹ በሰው ፊት በጥፊ አጩሎታል።»

«እኔ ላይ፣ የመብራት መቆጣጠሪያው መስታወት ቤት ነበርኩ» አለ የመብራት ሠራተኛው። «መድረኩን የጭስ ማሽኑ ሸፍኖት ማንም አይታየኝም። እህቴ፣ ልጄን በአሥር ሰዓት ተኩል ከትምህርት ቤት የማወጣት እኔ ነኝ። እናት የላትም። ዛሬ ከገባሁ ማን ይወስዳታል?»

«የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ያሳድራታል» ብሎ አሥር አለቃው ሳቀ። መርፌ አልሳቀችም፤ ሰዓቷን አየች። ለአሥር ሃያ ጉዳይ ነው።

ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከች። ሟቹ በሺህ ሰው ፊት እየጎነተለ የሚያሽከረክረው ባለ ብዙ ቁልፍ የሙዚቃ መቀላቀያ ሰሌዳ፣ ገመዱ ወደ ታች ይወርድና ጠረጴዛው እግር ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ይቀራል። ላፕቶፑ ላይ አልተሰካም። መሰኪያው አቧራ ጠጥቷል። በላፕቶፑ የዲጄ ሶፍትዌር ላይ ዕለቱን የተጫወተውን ዝርዝር ከፈተች። ሃያ ዘፈን ጠብቃ አንድ ብቻ አገኘች፤ ልክ በስምንት ሰዓት የተጀመረ፣ ስልሳ ደቂቃ የሚረዝም ቅጂ።

ሚስትየዋ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ የዓይን ኩሏን ታስተካክል ነበር። ኩሉን ያበላሸው እንባ አልነበረም።

«ባለቤትዎ በእጁ አይቀላቅልም ነበር» አለቻት መርፌ።

«ገመዱን አዩታ። ድብልቁን ቤት ተቀምጦ የሚሠራው ወንድሙ ነው። ባሌ እጁን ያነሳል፣ ይዘላል፣ ሕዝቡ ያብዳል። በእሱ ደግሞ የሚስተካከለው አልነበረም።»

«ለአሥር አለቃው ለምን አልነገሩትም?»

«ማን ጠየቀኝ? ይሄ ከተሰማ ስሙ ምን ይሆናል?»

«እርስዎ ዝም ስላሉ ያ ሰውዬ ወህኒ ሊወርድ ነው።»

«መብራት የሚያበራ ሰው አይጠፋም» አለች ሚስትየዋ፣ ወደ መስታወቷ ዞራ።

መርፌ ጥርሷን ነክሳ ሌላ ጠየቀች። «ልምምዱ ላይ የተለየ ነገር አልሰሙም?»

«ከስምንት ሰዓት ከሃያ በኋላ ድምፁ ድርግም ብሎ ጠፋ። አምስት ደቂቃ ያህል። አሁን ያዙኝ ልቀቁኝ ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ ትንፍሽ አላለም። ገርሞኛል።»

ወንድምየው ከአዳራሹ ውጭ በቆመው መኪናው ውስጥ ነበር፣ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ። ሲናገር ቃሉን ግማሹን ይውጠዋል፤ ዓይኑ ከመሬት አይነሳም።

«ልምምዱ ሲካሄድ ከዚህ አልወረድኩም» አላት። «የውጭው ስፒከር ፊት ለፊቴ ነው። ወደ በሩ እስክሄድ ድረስ አዳመጥኩት።»

«እንዴት ነበር?»

«ዛሬ ደክሞት ነበር። ሃያ አራተኛው ደቂቃ ላይ ምቱ ተደናቀፈበትና ወዲያው መለሰው። ለብቻዬ ሳቅሁ።»

ነገር ከአፍ ከወጣ ወዲያ ባለቤት የለውም። መርፌ አመስግናው ወደ ካቴናው ሰውዬ ተመለሰች።

«ድምፁ ለምን ጠፋ?»

የመብራት ሠራተኛው አቀረቀረ። «ስፒከሮቹ ሲያጉረመርሙ እዚያው መስታወት ቤት ያለውን የድምፅ ማጉያ አጥፍቼ ገመድ ቀየርኩ። የውስጡም የውጭውም ዝም አለ። ከሃያ ሁለት እስከ ሃያ ሰባት። ይሄም በጥፋቴ ላይ ይጨመርብኛል ብዬ ደበቅሁ። የገረመኝ እሱ አለመጮኹ ነው፤ በዚህ እንኳ በጥፊ የሚል ሰው ነበር።»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው። ላፕቶፑ ላይ ቅጂውን ከሃያ ሦስተኛው ደቂቃ አስጀመረች። ምቱ ሲጋልብ ቆየና ሃያ አራተኛው ደቂቃ ላይ ተደናቀፈ፤ ወዲያው ተቃና።

«ይህችን ስህተት ማን አስገባት?» ጠየቀች።

«እሱ ነዋ» አለች ሚስትየዋ ወንድሙን በአገጯ እያሳየች። «ሰው በእጅ የሚሠራ እንዲመስለው ሆን ብሎ ነው የሚከታት።»

«እንግዲህ ስሙኝ። ሙዚቃው እስከ ዘጠኝ መጫወቱ ሟቹ እስከ ዘጠኝ መኖሩን አያሳይም፤ ላፕቶፑ ብቻውን ይጫወታል። ድምፁ ሲጠፋ ያ ተሳዳቢ ሰውዬ ያልጮኸው በሕይወት ስላልነበረ ነው። ስለዚህ የተገደለው ከስምንት ሰዓት ከሃያ ሁለት በፊት ነው፤ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ማውራት ማንንም ነጻ አያወጣም። ከሃያ ሁለት እስከ ሃያ ሰባት ደግሞ ከየትኛውም ስፒከር የወጣ ድምፅ የለም። ሚስትየዋ ዝምታውን ሰምታለች።» ወደ ወንድሙ ዞረች። «አንተ ግን በሃያ አራት ላይ መደናቀፉን ሰማሁ አልክ። መኪናህ ውስጥ አልነበርክም፤ በቃልህ የምታውቀውን ነው ያወራህልኝ። እጅህን አውጣ።»

አላወጣም። አሥር አለቃው ጎትቶ አወጣለት። ሁለቱም መዳፎቹ ላይ ገመድ የሰረሰረው ቁስል ነበር፤ ታጥቦ ነጥቷል።

«ድምፁ ሲጠፋ ቤት ሄደህ እየታጠብክ ነበር» አለች መርፌ።

ወንድምየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ስምንት ዓመት የኔን ሥራ ይዞ ዘለለ። ቅዳሜ ከጎንህ ልቁም አልኩት፤ ይኸው ነው የለመንኩት። ‹ያንተን ፊት ካዩ ሕዝቡ ወደየቤቱ ይሄዳል› አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ።» ምራቁን ዋጠ። «ስትጽፉ ሙዚቃው የኔ መሆኑን ጻፉልኝ።»

«‹ማስረጃ አንድ› ተብሎ ነው የሚጻፈው» አለችው መርፌ።

«ለቅዳሜ ቅጂውን ትመልሱልኛላችሁ?» አለች ሚስትየዋ። «የባሌን ምስል ግድግዳ ላይ እናሳያለን። ማንም ልዩነቱን አያውቅም።»

ካቴናው ከመብራት ሠራተኛው ወደ ወንድምየው ሲዞር፣ ወንድምየው ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆመና በዝቅተኛ ድምፅ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ የመድረኩን መብራት አብራልኝ፤ እዚህ መቆም እንዴት እንደሆነ ልየው» አለው።

የመብራት ሠራተኛው ያበጠ የእጅ አንጓውን እያሸ አየው።

«እኔ ስታሰር ቆመህ ታየኝ ነበር» አለው። «ልጄን ጠርቼ ሳለቅስም ሰምተኸኛል።»

ኮቱን አነሳ። በሩ ጋ ያለውን ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ታች ተጭኖ ወጣ። ነፍሰ ገዳዩን ከመድረኩ ያወረዱት በስልካቸው መብራት ደረጃውን እየፈለጉ ነው።