ከሰማያዊው ቱቦ ውስጥ የጠራችኝ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ነበርኩ ብል ይሻላል መሰለኝ፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንዷ ስለ ጅን ወይም ስለ ጥላ ወጊ ማውራት ስትጀምር «ይልቅ ደብተራችሁን አርሙ» የምለው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ ይቺ ሴትዮ ድሮም አእምሮዋ ለዚህ ቅርብ ነበር እንዳትሉኝ፣ አልነበረም፣ እመኑኝ።

ቡታጅራ አማርኛ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፣ ባሌ ሥራው ወልቂጤ ስለሆነ የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ሌላውን ቀን ከስምንት ዓመቷ ልጃችን ከሶስና ጋር ሁለታችን ብቻ ነን። ባለፈው ዓመት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ሪዞርት፣ ስሙን ተዉት፣ ለእንግዶች የሚታደል መጽሔት ሊያሳትም ፈልጎ ታሪኩንና በውስጡ ያለውን ሁሉ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ሥራ አስኪያጁ ነስሩ የድሮ ተማሪዬ ነው፣ «ቲቸር፣ ከእርስዎ በላይ ማን ይጽፈዋል፣ ሰኞ ገንዳ የሚታጠብበት ቀን ስለሆነ ዝግ ነን፣ ሰው ሳይኖር ዞር ዞር ብለው ይዩት» አለኝ፣ እኔም ሶስናን ከትምህርት ቤት አምጥቼ፣ ዩኒፎርሟን አስወልቄ ቢጫ ቀሚሷን አልብሼ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በባጃጅ ሄድን።

ነስሩ እየመራ ያሳየናል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቦታው የበርበሬ ማሳ ነበር አሉ፣ ባለሀብቱ መጀመሪያ የጉድጓድ ውሃ አስቆፍሮ አንድ ክትፎ ቤት ከፈተ፣ ቀጥሎ ትልቁ ገንዳ መጣ፣ ቀጥሎ የልጆቹ፣ ከዚያ ደግሞ ያ ሰማያዊ መንሸራተቻ፣ ቁርጥራጩ በጅቡቲ በኩል በኮንቴነር ተጭኖ የመጣ፣ ከማማ ላይ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ተጠማዝዞ ትልቁ ገንዳ ውስጥ የሚያወርድ ቱቦ ነው፣ ዙሪያውን ድፍን ስለሆነ የገባ ሰው አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል።

ከገንዳው ማዶ የካዚኖው አዳራሽ አለ፣ ተሠርቶ አልቋል፣ ፈቃዱ ግን ስላልመጣ አረንጓዴዎቹ ጠረጴዛዎች ላስቲክ እንደለበሱ ተቀምጠዋል። ነስሩ በሩን ከፍቶ ደጃፉ ላይ ቆመና «እኔ እንኳን ወደ ውስጥ ባልዘልቅ ደስ ይለኛል፣ ቁማር ሀራም ነው፣ ቁልፉን የምይዘው ሥራዬ ስለሆነ ነው» ብሎ ሳቀ። ሶስና ግን የሚሽከረከረውን ሰሌዳ ካላየሁ ብላ ሞተች፣ «ይሁን፣ እኔ አሳያታለሁ» አለኝ፣ እኔ እሷን ከሱ ጋር ትቼ ገንዳውን ፎቶ ላነሳ ወጣሁ።

ትልቁ ገንዳ ባዶውን ነበር። ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ የሞተሩና የገንዳው ሠራተኛ፣ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው፣ ውስጡ ቆመው በረጅም ብሩሽ ወለሉን ይፈትጋሉ። ሰላም ብያቸው ስልኬን ላወጣ ስል የማማው ደረጃ ላይ ቢጫ ነገር አየሁ፣ ሶስና ናት፣ እላይ ልትደርስ ሁለት ደረጃ ቀርቷታል።

«አንቺ! ውረጂ!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሽ ሸምሱም ቀና ብለው አዩ፣ ይሄን ልብ በሉልኝ፣ እሳቸውም አይተዋታል። «ልጅሽ ናት እንዴ? ኧረ ከልክያት፣ ውሃ የለውም፣ ደረቁን ገላዋን ይልጠዋል» አሉ።

እሷ ዞር ብላ አየችኝ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች፣ ገባች።

ጨርቅ በላስቲክ ላይ ሲሳብ የሚሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ፣ እንደሱ እያለ አንዱን ጥምዝ ዞረ፣ ሁለተኛውን ዞረ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። እኔ በገንዳው መሰላል ወርጄ ቱቦው የሚወጣበት አፍ ጋር ቆሜ ጠበቅኩ፣ ምንም የለም።

«ሶስና?»

«እማ» አለች ከውስጥ።

«ነይ የኔ እናት፣ በእግርሽ ገፋ ገፋ እያደረግሽ ነይ።»

«እንቢ አለኝ።»

ጋሽ ሸምሱ የብሩሹን እጀታ ይዘው ከቱቦው ሥር ገቡና የት ጋ እንደቆመች ለማወቅ ከታች ኳ ኳ አደረጉ፣ ከፊታቸው ኳ ኳ ተብሎ መልስ መጣ፣ ወደ ፊት ሄደው ሲመቱ መልሱ ቅድም ከነበሩበት ከኋላቸው መጣ፣ ተመልሰው ሲመቱ ደግሞ ከሁለቱም በኩል እኩል መጣ። ብሩሹን ዝቅ አደረጉት። ልጄ ናት፣ ምን አደርጋለሁ፣ አንገቴን ወደ ቱቦው አስገባሁ፣ ውጪው ሙቀት ነበር፣ ውስጡ ግን እንደ ጓዳ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሿን በቅርብ እሰማዋለሁ፣ «እማ ጨለመብኝ» ትላለች፣ እስከ ወገቤ ገብቼ እጄን ዘርግቼ ጨለማውን እየዳበስኩ ሳለ ከኋላዬ፦

«እማ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?»

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ሶስና የነስሩን እጅ ይዛ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆማለች፣ ቢጫ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ መዳፏ በጠረጴዛው አቧራ ቆሽሿል።

«ምነው ቲቸር?» አለ ነስሩ፣ «ከአዳራሹ ገና አሁን መውጣታችን ነው፣ ከአጠገቤ ንቅንቅ አላለችም።»

ይሄኔ ከቱቦው ውስጥ፣ በዚያው በልጄ ድምፅ፣ «እማ፣ እሷ ማናት?» አለች።

ነስሩ ሰማ። «አዑዙ ቢላህ» ብሎ እጇን ለቀቀው። እኔ በስመ አብ እንኳን ሳልል ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፣ እስከ ዛሬ ለባሌ እንኳን አልነገርኩትም፣ መሰላሉን ወጥቼ ጠርዝ ላይ ከቆመችው ፊት ተንበረከክኩና «ትናንት ማታ እራት ምን በላን?» ብዬ ጠየቅኳት። ልጅቷ ግራ ገብቷት ነስሩን አየችው።

«ፓስታ» የሚል ድምፅ ከቱቦው መጣ።

«ፓስታ» አለች ሶስናም፣ ወዲያው ተከትላ።

ፓስታ ነበር የበላነው።

«የያዝሻትን ይዘሽ ሂጂ፣ እህቴ» አሉ ጋሽ ሸምሱ ከገንዳው ውስጥ።

«ውስጥ ያለችውስ?»

ብሩሹን ጥለው ወደ መሰላሉ ሄዱ። ሶስናን ብድግ አድርጌ ታቀፍኩና ሮጥኩ፣ እስከ በሩ ድረስ ከኋላዬ «እማ፣ እማ» የሚለው አልተቋረጠም፣ ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ነው የጠፋው፣ ይቁም ወይም እኛ እንራቅ አላውቅም።

ማታ ነስሩ ደወለልኝ፣ በሁለቱም ጫፍ ባትሪ አብርተው አይተዋል፣ በማግስቱ ደግሞ የመሐሉን ብሎን ፈትተው ከፍተውታል፣ አቧራ ብቻ ነው ያገኙት፣ አቧራው ላይ ሰው ያለፈበት ምልክት እንኳን የለም። ጋሽ ሸምሱ በዚያው ሳምንት ሥራውን ለቀቁ፣ አሁን ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ፓምፕ ይጠግናሉ፣ ስንገናኝ ሰላም የሚሉት እኔን ነው፣ ዓይናቸው ግን ሶስና ላይ ነው። መጽሔቱን ጽፌ ሰጠሁ፣ ታትሟል፣ መንሸራተቻውም ይሠራል፣ እሁድ እሁድ ሕፃናት ይሰለፉበታል።

ልጄ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ሒሳብ ይከብዳታል፣ እንደ ድሮዋ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስታ አታውቅም፣ እኔም አላነሳሁባትም፣ ከቱቦው የሰማችው ድምፅ የማን እንደሆነ እንኳን አልጠየቀችኝም።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ወላጅ የሚፈርምበት ወረቀት ይዛ መጣች፣ ክፍሉ በሙሉ ለሽርሽር ወደዚያ ሪዞርት ሊሄድ ነው። ምን ብዬ እንደምከለክላት ሳስብ ወረቀቱን ራሷ ከእጄ ወሰደችው።

«አትፈርሚ እማ፣ አልሄድም።»

«ለምን? ጓደኞችሽ ሁሉ ይሄዱ የለም እንዴ?»

«እዛ ያለችው ታኮርፈኛለች» አለችና የቤት ሥራዋን ልትሠራ ቦርሳዋን ከፈተች።