በሩን ማን ዘጋው?

ኮልተር ሞቶ ተገኘ! ግጦሻችን መሀል፣ አንድ እግሩ እርካብ ውስጥ ተቀርቅሮ። ፈረሱ ጎትቶት ጎትቶት ደክሞት አጠገቡ ሳር ይግጣል። ኮልተር እኮ ነው፣ የሮዲዮ፣ የዱር ፈረስ ግልቢያ ውድድር ሻምፒዮኑ፣ በሰኔ የእህቴ የታንዚ ባል ሊሆን የነበረው! እኔ ግን አላለቀስኩም። ጥርስ ሐኪም መላ ሰውነቴን ማደንዘዣ የወጋኝ ነው የሚመስለኝ። ያልደነዘዘው አፌ ብቻ ነው፣ እሱማ መቼ ያርፋል።

ሸሪፍ ሎርና ፔክ መጣች። ማስቲካዋን እያኘከች ግቢውን ዞረች፣ የመጎተቱን ምልክት እስከ ሬሳው ድረስ በእግሯ ተከተለች፣ ከዚያ ሁላችንንም ወጥ ቤታችን ሰበሰበችን። ታንዚ አለች፣ አባዬ አለ፣ የኮልተር ወንድም ዴል አለ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ኦወንም አለ።

ታንዚ ኦወንን ነው የምትወደው። በቃ፣ ተናገርኩት! ከተማው በሙሉ ያውቃል። ከቦስተን መጥቶ፣ ላም ሲያዋልድ እንኳ ላሟን «ይቅርታ እመቤቴ» የሚል ሰው ነው፤ ማን አይወደውም? ታንዚ የኮልተርን ቀለበት ከመለሰች ገና ሁለት ቀኗ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሙቀት ረጅም እጅጌ ነው የምትለብሰው። አሁን ኦወን ከታሰረ አለቀላት።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ዴል። «ቀለበቱን ያስመለሳት እሱ! ዛሬ እዚህ የነበረ እሱ! እሰሪው እንጂ!»

«ዴል፣ ተቀመጥ። ኦወን፣ ጠዋት እዚህ ነበርክ?»

«አዎ፣ ጥጃ ልከትብ። ኮልተር መጣና ሰደበኝ። ሄድኩ።»

«መልስ አልሰጠኸውም?»

«ሰጠሁት። ደህና ዋል አልኩት።»

«ሃርላን፣ አንተስ?»

«የከብት ጨረታ ነበርኩ» አለ አባዬ። «እሱ ሳይመጣ ነው የወጣሁት።»

ሸሪፏ ወደ ዴል ዞረች። «ወንድምህን ያገኘኸው አንተ ነህ። በየት ገባህ?»

«ከጎረቤት፣ ከእኛ እርሻ በኩል፣ አጥር ዘልዬ።»

«የግጦሹን በር አልነካህም?»

«ምን አቀረበኝና?»

«ጥሩ። የመጎተቱ ምልክት ከግቢው ይነሳና በዚያ በር ያልፋል። እኔ ስደርስ ግን በሩ ዝግ ነበር፣ በሰንሰለት። ፈረስ በር ይዘጋል እንዴ?»

ማስቲካዋን ወደ ሌላኛው ጉንጯ አዛወረች።

«ግቢው ውስጥ የቆመው የፈረስ መጫኛ ተሳቢ መንጠቆ ላይ ደም አለ። ኮልተር የሞተው እዚያ ነው፣ ፈረሱ አልገደለውም። አንድ ሰው እግሩን እርካብ ውስጥ ከቶ ፈረሱን ገርፎ ሸኘው። ከዚያ ይኸው ሰው ክፍት በር አየ። ሳያስበው ሄዶ ዘጋው፣ ከብት እንዳይወጣ። ዋዮሚንግ ውስጥ ልጅ ከጡት ሳይጥል የሚማረው ነገር ነው።»

«ታዲያ ኦወን ነዋ የዘጋው!» አለ ዴል።

«ኦወን?!» ከወንበሬ ተነሳሁ። «ኦወን በር ዘግቶ ያውቃል? ባለፈው ሳምንት አርባ ላም አስፋልት ላይ ያወጣብን ማን ሆነና!»

«ሠላሳ ስምንት» አለ ኦወን ፊቱ ቀልቶ።

ታንዚ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ወይኔ፣ አዳንኩት! ሸሪፏ የበሩን ፎቶ ስልኳ ላይ አወጣች፣ እኔም ነጠቅኳት ማለት ይቻላል።

«ውይ፣ ሰንሰለቱን እዩት! ጫፉ ሁለቴ ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ ተወሽቋል! ዴል ደግሞ እንዲህ አያስርም፣ ዝም ብሎ ነው የሚያንጠለጥለው! እንዲህ የሚያስረውማ አሮጊቷ ላም በምላሷ ትፈታዋለች ብሎ አባ...»

አፌን ያዝኩ። ቃሉ ግን ወጥቷል።

ሸሪፏ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። «ይህን በር አንድ ጊዜ እኔም ስታስረው አይቻለሁ፣ ሃርላን። ጨረታው ጋ ደውዬ ነበር። እስከ አምስት ሰዓት አልደረስክም አሉኝ።»

አባዬ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ቁርስ ላይ የታንዚ እጅጌ ሲሰበሰብ አየሁት» አለ። «የኮልተር አምስት ጣቶች እጇ ላይ ታትመዋል። ሲመጣ ጠየቅኩት። ሳቀ። አንዴ ነው የገፋሁት፣ መንጠቆው ላይ ወደቀ።»

«ያኔ ለምን አልጠራኸኝም?»

«ልጠራሽ ነበር። ከዚያ ፈረሱን አየሁ።»

«ኦወን ሲታሰርስ ዝም ልትል ነበር?»

አባዬ ኦወንን አየው፣ ታንዚን አየ፣ እኔን ግን አላየኝም። ተነሳና ሸሪፏ ካቴና እንድታስገባበት እጁን ወደ ኋላ አደረገላት። ታንዚ ተከትላቸው ወጣች። ዴልም ወጣ፣ ወንበሩን እንኳ ሳይመልስ።

የሸሪፏ መኪና ሲነሳ ሰማሁ። ምንም አልተሰማኝም፣ ምንም።

ኦወን አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«አመሰግናለሁ፣ ጆሲ» አለኝ።

«ምንም አይደል» አልኩት።