ለሚመለስ ሰው የተተወ ወንበር

ልክነሽ እሁድ ጠዋት በአርባ ምንጭ ኮሌጅ የጓሮ ደረጃ ሥር ሞታ ተገኘች። ስልኳ ቀሚስ ኪሷ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጠፋው መብራት የመጣው ያን ጠዋት ስለነበር፣ የተሰበሰበው ሰው «በጨለማ ስትወርድ ደረጃ ስታ ነው» ብሎ ፈረደ። ኢንስፔክተር ኖላዊት ግን ክንዷ ላይ የጣት ምልክት አየች።

ልክነሽ ትምህርት አቋርጠው የሚመለሱ ጎልማሶችን የምትደግፍ ሠራተኛ ነበረች። ሸማኔውን ከጨንቻ፣ ዓሣ ነጋዴዋን ከጫሞ ሐይቅ ዳር ለምና አምጥታ የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ታስጀምራለች፤ የቀረውን ቤቱ ድረስ ሄዳ ትጨቀጭቃለች። ክፍሏ ጥግ ላይ ማንም የማይቀመጥበት ወንበር አለ። «ይሄ የሚመለስ ሰው ነው» ትል ነበር።

ኖላዊት ያን ክፍል ከፍታ ማብሪያውን ስትጫን፣ የጣሪያው ማራገቢያ ሲጥ፣ ሲጥ እያለ መዞር ጀመረ። ባዶው ወንበር ሰው አሁን የተነሳበት ይመስል ነበር። ኖላዊት ሬሳ የማትፈራ ሴት ናት፤ ያን ወንበር ግን ፈራችው። አጥፍታ ወጣች።

ፖሊስ አስቀድሞ የያዘው ዘበኛውን ጉግሳን ነበር። ማታውን ግቢ ውስጥ ያደረው እሱ ብቻ ነው። እሱም ከልክነሽ ተማሪዎች አንዱ ሲሆን በዚያው ሳምንት ብሔራዊ ፈተና ይጠብቀዋል። ታስሮ ካመለጠው የስንት ዓመት ልፋቱ ከንቱ ሊቀር ነው።

«ሲመሽ ለምን ወጥተህ አላየሃትም?» አለችው።

«ድምጿን ሰማኋ። ከጨለመ በኋላ በቴሌግራም ለሁላችንም ላከች። ደህና ናት ብዬ ተውኩ።»

መልእክቱን አሰማት። «እዚሁ ነኝ፤ እጠብቃለሁ። የቀረ ሰው ይምጣ፤ ወንበሩ ባዶ ነው።» ኖላዊት ደጋግማ አዳመጠችው። ከቃላቱ ሥር ሌላ ነገር ይሰማ ነበር።

ሁለተኛዋ ተጠርጣሪ ወርቂቱ ነበረች፤ በጫሞ ዳር ዓሣ ትሸጣለች። ከልክነሽ ጋር ተጣልታ ትምህርቷን ትታ ነበር። ቅዳሜ ማታ ግን ጉግሳ በሩን ከፍቶላት ገብታለች።

«የቀረ ሰው ይምጣ ስትል ለእኔ መሰለኝ» አለች ወርቂቱ። «ልመለስ ነበር የመጣሁት። በጨለማው ከፊት ለፊቱ ደረጃ ሥር ቆሜ ጠራኋት። ዝም አለች። እንደተቆጣችኝ ነው ብዬ ሄድኩ።»

የቅዳሜና እሁድ ትምህርቱ ኃላፊ አቶ ዘርአብሩክ እንባውን እየጠረገ ነበር ቃሉን የሰጠው። ቅዳሜ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ መብራቱም ሳይጠፋ፣ ለለቅሶ ወደ ጨንቻ ወጥቷል። «ድምጿንም እዚያው ለቅሶ ቤት ነው የሰማሁት። አጠገቤ የነበሩት ሁሉ ሰምተዋል።»

«እሱን እንኳ አልጠየቅኩዎትም» አለች ኖላዊት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ኖላዊት ግን ፈተናው እስኪያልፍ የምትጠብቅ አልነበረችም። በማግስቱ ሦስቱንም በልክነሽ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጉግሳና ወርቂቱ ተቀመጡ። ዘርአብሩክ የቀረው ወንበር ያ የጥጉ ብቻ ስለነበር ቆሞ ቀረ።

ማራገቢያውን አስነስታ ሲጥታውን አሰማቻቸው፤ ከዚያ አጥፍታ መልእክቱን ከፈተች። ማራገቢያው ቆሞ ሳለ፣ ከሟቿ ድምፅ ሥር ያው ሲጥ፣ ሲጥ ተሰማ። ወርቂቱ አማተበች።

«ቅዳሜ ማታ መብራት አልነበረም» አለች ኖላዊት። «ማራገቢያው ግን ይዞራል። ስለዚህ ይሄ ድምፅ የተቀዳው በሌላ ቀን ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ መልእክት በኋላ በራሱ እንዲላክ ቀጥሮ መሄድ ይቻላል። ስልኩ የሚከፈተው በጣት አሻራ ነው፤ የሞተችም ብትሆን ጣቷ ያው ጣቷ ነው።»

ኖላዊት ወደ ሦስቱም ዞረች።

«እስከ ማታ በሕይወት ነበረች ቢባል ማን ይጠቀማል? ግቢ ያደረው ጉግሳ? በጨለማ የመጣችው ወርቂቱ? መልእክቱ ሁለቱንም አስጠረጠራቸው እንጂ አላዳናቸውም። የሚጠቅመው ቀደም ብሎ ለሄደ፣ ጨንቻ ሆኖ የአርባ ምንጭን መጨለም ላላወቀ ሰው ነው። እርስዎን ነው፣ አቶ ዘርአብሩክ።»

ዘርአብሩክ ወደ ጥጉ አፈገፈገ። የተቀመጠበትን ያወቀው ከተቀመጠ በኋላ ነበር።

ከዚያ ሁሉን ተናገረ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አልጨረሰም፤ የሚያሳየው ዲግሪ የሐሰት ነው። እንደ እሱ የካምባ አካባቢ ልጅ የሆነችው ልክነሽ ግን ትምህርቱን ጥሎ ሲጠፋ ታስታውሰው ኖሯል።

«ልታጋልጥዎት ነበር?»

«አይደለም። እንድመለስ ነበር የለመነችኝ። ያንን ድምፅ ቀደም ሲል የላከችው ለእኔ ነው። ቅዳሜ ከደረጃው አናት ላይ እንደገና ለመነችኝ፤ ለማንም አልናገርም አለች። አላመንኳትም። ክንዷን ይዤ ገፋኋት።» ወንበሩን በእጁ ዳሰሰው። «እውነቷን ነበር።»

ጉግሳ ለፈተናው ደረሰ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወርቂቱ ደብተሯን ይዛ መጣች፤ ጥጉ ያለውን ወንበር በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተቀመጠች። መልእክቱ ለእሷ አልነበረም፤ ሰምታ የመጣችው ግን እሷ ብቻ ነበረች። ማራገቢያው ከላይ ሲጥ ይላል። ጉግሳ ከጎረቤት ክፍል ሌላ ወንበር አምጥቶ ጥጉ ላይ አስቀመጠ፤ ማንም አልተቀመጠበትም።